በልጅነቴ ያላየሁትን ኮምፒውተር ማደስ

አሮጌ የቤት ኮምፒውተሮችን የሚሰበስቡ ጀርመናውያን ወዳጆቼ ለምን እንደሚሰበስቡ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ልጅ ሳሉ ለገና በዓል በስጦታ ያገኙትን፣ በኋላም ወላጆቻቸው የሸጡባቸውን ወይም ምድር ቤት የጣሉባቸውን መሣሪያ መልሰው ማግኘት ይፈልጋሉ። እኔ እንዲህ ያለ መልስ የለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ባደግሁበት ሰፈር ኮምፒውተር ያለበት ቤት አላውቅም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር የነካሁትም በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ዊንዶውስ 98 በተጫነባቸው ጥቂት ማሽኖች ፊት ተራ ጠብቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ዛሬ ፍራንክፈርት በሚገኘው ቤቴ እየፈታሁ የማድሳቸው ኮሞዶር 64 የተባሉት አሮጌ የቤት ኮምፒውተሮች የሌላ ሰው እንጂ የእኔ የልጅነት ትዝታዎች አይደሉም። የያዘኝ ነገር ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ከትዕግሥት በቀር ሌላ ሀብት ሳይኖረው ከዳር እስከ ዳር ሊያውቃቸው የሚችላቸው ኮምፒውተሮች መሆናቸው ነው።

ይህን ስል እያጋነንኩ እንዳልሆነ ላስረዳ። በኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ያለውን ቺፕ ሙሉ አሠራሩን ለብቻው የሚያውቅ ሰው፣ ከሠሩት መሐንዲሶች መካከል እንኳ የሚገኝ አይመስለኝም። ኮሞዶር 64 ግን ሲከፈት የሚታየው ይህን ያህል ነው፦ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ገደማ የሚመታ 6510 የተባለ ፕሮሰሰር፣ ሥዕሉን የሚያወጣ አንድ ቺፕ፣ ድምፁን የሚያወጣ አንድ ቺፕ፣ ከኪቦርዱና ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኙ ሁለት ቺፖች፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪውን የሚይዙ ስምንት ቺፖች፣ 20 ኪሎባይት ቋሚ ፕሮግራም የተቀረጸባቸው ሦስት ቺፖች፣ እንዲሁም እነዚህን የሚያስተባብሩ ጥቂት አጃቢዎች። አምራቹ በ1982 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ባሳተመው መመሪያ መጨረሻ ላይ የቦርዱን ሙሉ የኤሌክትሪክ ንድፍ አያይዞ ነበር። ያንን ንድፍ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ፤ አንድ ችግር ሲገጥመኝ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማየት እችላለሁ።

የኩባንያውን ታሪክ በአጭሩ ብናልፈው ይሻላል፤ ለጥገናው የሚጠቅመው የታሪኩ ክፍል ጥቂት ነው። ኮሞዶርን የመሠረተው ጃክ ትራሚኤል በፖላንድ ሎጅ ከተማ የተወለደ፣ ከአውሽቪትስ የተረፈ ሰው ሲሆን አሜሪካ ከገባ በኋላ እንጀራውን የጀመረው የጽሕፈት መኪና በመጠገን ነው። ኩባንያው በ1976 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለውን የቺፕ አምራች ገዛ፤ በዚህም ምክንያት የፕሮሰሰሩን፣ የሥዕሉንና የድምፁን ቺፕ ራሱ መሥራት ቻለ። በጃንዋሪ 1982 ላስ ቬጋስ ላይ የታየው ኮሞዶር 64 በዚያው ዓመት በ595 ዶላር ገበያ ሲወጣ ተፎካካሪዎቹ ዋጋውን ማመን ያቃታቸው ለዚህ ነው። ለዛሬ ሰብሳቢ ግን ያው ጥበብ ራስ ምታት ሆኗል። ሜሞሪዎቹ ብዙ ፋብሪካዎች ያመረቷቸው የተለመዱ ቺፖች በመሆናቸው ዛሬም በርካሽ ይገኛሉ፤ የሥዕሉና የድምፁ ቺፖች ግን ከአንድ ቤት ብቻ የወጡ ናቸው፤ ኮሞዶር በኤፕሪል 1994 ከከሰረ ወዲህ ደግሞ ያ ቤት የለም። በተለይ 6581 የተባለው የድምፅ ቺፕ በሙዚቀኞች ዘንድ ጭምር ስለሚፈለግ፣ የሌላ ቺፕ ጀርባ ተፍቆ ቁጥሩ እንደ አዲስ እየተጻፈበት ይሸጣል። ስለዚህ ቺፕ ብቻውን ከመግዛት የተበላሸ ሙሉ ኮምፒውተር መግዛትን እመርጣለሁ።

ጀርመን ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። ኮሞዶር ብራውንሽቫይግ ከተማ ፋብሪካ ነበረው፤ ማሽኑም በአልዲ መደብሮች ሳይቀር ከዱቄትና ከዘይት ጎን ይሸጥ ስለነበር በየቤቱ ምድር ቤት ውስጥ እስካሁን የተረሳ አንድ አይጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስዘዋወር «ሳይሞከር የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ያለበት ሳጥን ካየሁ ዋጋውን እጠይቃለሁ። «ሳይሞከር» ማለት ብዙ ጊዜ «ሞክሬው እንቢ ብሎኛል» ማለት መሆኑን ከመርካቶ ገበያ የወጣ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። አንዲት አሮጊት ኮምፒውተሩን ሲሸጡልኝ «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛኝም ነበር» ብለው ከካሴቶቹ ጋር ሰጡኝ፤ በካሴቶቹ ላይ በልጅ እጅ የተጻፈው ስም ዛሬም አለ፤ ጽሑፉን አላጠፋሁትም።

ማሽኑ ቤት ሲደርስ የሚከተለው ፈተና ሶኬት ላይ መሰካት የሚለው ፍላጎት ነው። ይህን ፍላጎት ማሸነፍ የጥገናው ግማሽ ነው። መርካቶ ውስጥ ራዲዮ ይጠግን የነበረው አጎቴ ገና ልጅ ሳለሁ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ እጄ ወደ ሽቦዎቹ ሲሄድ ካየ «መጀመሪያ ለካ፤ ቀጥሎ ንካ» ይለኝ ነበር። እኔም «እሺ ጋሼ» እልና ዞር ሲል እነካለሁ። በኮሞዶር 64 ጉዳይ ግን ቃሉ በትክክል ይሠራል፤ ምክንያቱም የዚህን ኮምፒውተር ሜሞሪ በብዛት የገደለው አብሮት ይሸጥ የነበረው ጥቁር ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚያቀርብለት ሳጥን) ነው።

የፓወር ሰፕላዩ አሠራር ቀላል ነው፤ ለቺፖቹ 5 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ ለሌሎቹ ክፍሎች ደግሞ 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ችግሩ አምራቹ ውስጡን በሙሉ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ሙጫ መሙላቱ ነው። በዚህ የተነሣ ሙቀቱ እንደልብ አይወጣም፣ ሲበላሽም ከፍቶ መጠገን አይቻልም። ከዓመታት ሙቀት በኋላ 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው አካል ሲደክም ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። ከ5 ቮልት ብዙም ርቆ መሥራት የማይችለው ሜሞሪ በዚያች ቅጽበት ይቃጠላል። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን የገመዱን መሰኪያ እግሮች መለካት ጥሩ ነው፤ በጭነት ሥር 5 ቮልት አካባቢ ካላነበበ ወይም ከ5.25 ካለፈ ያንን ፓወር ሰፕላይ ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ነገር ግን ዛሬ ትክክል ያነበበው ነገ ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ሊከዳ ስለሚችል፣ እኔ ኦሪጅናሎቹን መደርደሪያ ላይ እንደ ታሪክ ዕቃ አስቀምጬ ማሽኖቹን የማበራው ቮልቱ ሲያልፍ ራሱን በሚያጠፋ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ነው። ስለ ኦሪጅናልነት የሚጨነቁ ሰብሳቢዎች በዚህ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

ከለካን በኋላ መክፈት ነው። በሆዱ በኩል ከፊት ለፊት ሦስት ብሎኖች አሉ፤ በካቻቢቴ ሲፈቱ የላይኛው ክዳን ከኋላው ባሉት የፕላስቲክ መያዣዎች ላይ እየዞረ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። እነዚያ መያዣዎች ከአርባ ዓመት በኋላ ደርቀው የሚሰበሩ በመሆናቸው በጉልበት መክፈት አይገባም። ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአሉሚኒየም ቅጠል የተለበጠ ካርቶን፣ ወፍራም አቧራ፣ አንዳንዴም የልጅ ሳንቲም ነው። ካርቶኑ የሬዲዮ ጣልቃ ገብነትን ለመከላከል የተቀመጠ ቢሆንም ሙቀትን ስለሚያፍን አውጥቼ አቆየዋለሁ።

አሁን ይበራል። የጤነኛው ማሽን ምልክት ሁሉም የሚያውቀው ሰማያዊ ስክሪን ነው፤ በላዩ 38,911 ባይት ለተጠቃሚው ነፃ መሆኑን ያስታውቃል። 64 ኪሎባይት ማለት 65,536 ባይት ሆኖ ሳለ ቀሪው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ሊያያቸው የሚችላቸው የሜሞሪ አድራሻዎች በሙሉ 65,536 ብቻ ናቸው፤ ቋሚዎቹ ፕሮግራሞችም በእነዚያው አድራሻዎች ላይ መቀመጥ ስላለባቸው ከሜሞሪው አንዱን ክፍል ይሸፍኑታል። በየቅጽበቱ በአንድ አድራሻ ላይ ሜሞሪው ይታይ ወይስ ቋሚው ፕሮግራም የሚለውን የሚወስነው ፒኤልኤ የተባለው ትንሽ ቺፕ ነው፤ በግቢ በር ላይ ቆሞ ማን ይግባ ማን ይቆይ እንደሚል ዘበኛ መሆኑ ነው። ዘበኛው ሲታመም ግቢው ይዘጋል፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፒኤልኤ ይህን ማሽን ከሚገድሉ ቺፖች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚታወቅ ሲሆን፣ ደግነቱ ዛሬ በዘመናዊ ክፍሎች የተሠሩ ተተኪዎች አሉት።

ጥቁር ስክሪን ግን ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከሽያጭ ወረቀቶች ላይ በብዛት የማነበው አቤቱታም «መብራቷ ይበራል፣ ሥዕል ግን የለም» የሚለው ነው። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ከአጎቴ ሱቅ የተወረሰ ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። በመጀመሪያ ቮልቱ ቺፖቹ እግር ድረስ መድረሱን አረጋግጣለሁ። ቀጥሎ ለጥቂት ጊዜ አብርቼ በጣቴ ጫፍ የእያንዳንዱን ቺፕ ጀርባ እነካለሁ። የድምፁ፣ የሥዕሉና የፒኤልኤው ቺፖች በተፈጥሯቸው ይሞቃሉ፤ ከስምንቱ ሜሞሪዎች አንዱ ብቻ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ወንጀለኛው ተገኘ ማለት ነው። ይህ ካልሠራ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የሙከራ ካርትሪጅ (ፕሮግራም የያዘ ተሰኪ ሳጥን) ከኋላ እሰካለሁ። ካርትሪጁ የማሽኑ ፕሮግራሞች ሳያስፈልጉት ራሱን ችሎ የሚነሣ ሲሆን ሜሞሪው ውስጥ ስህተት ካገኘ ስክሪኑን ያብለጨልጨዋል፤ የብልጭታው ቁጥር የተበላሸው ቺፕ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ካርትሪጅ የሌለው ሰው ጤነኛ ሜሞሪ ቺፕ ወስዶ በተጠረጠረው ጀርባ ላይ እግር ለእግር አነካክቶ በመደረብ ሊሞክር ይችላል። ሁልጊዜ ባይሠራም፣ ሲሠራ ግን ጥቁሩ ስክሪን ሰማያዊ ይሆናል።

የሜሞሪ ቺፖቹ በአብዛኞቹ ቦርዶች ላይ በቀጥታ የተበየዱ ስለሆኑ ለመቀየር መንቀል ያስፈልጋል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ የሞተውን ቺፕ ሳይጎዱ ለማውጣት ይጣጣራሉ። እኔ ከዚህ በተቃራኒ ነኝ፤ መዳን ያለበት ቦርዱ ነው። ስለዚህ በቀጭን መቁረጫ አሥራ ስድስቱን እግሮች ከቺፑ አካል ሥር አንድ በአንድ እቆርጣቸዋለሁ፤ አካሉ ይነሣል፤ እግሮቹ ብቻ ቦርዱ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ከዚያም ቦርዱን በጠርዙ አቁሜ፣ በአንድ በኩል መበየጃውን፣ በሌላው በኩል ወረንጦ ይዤ፣ የብየዳው ቆርቆሮ ብልጭ ብሎ ሲቀልጥ እግሩን እስበዋለሁ። ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘው እግር ከሌሎቹ ይዘገያል፤ ሰፊው የመዳብ ንጣፍ ሙቀቱን ይጠጣዋልና። በዚያ እግር ላይ ትዕግሥት አጥቶ በኃይል የሚስብ ሰው ከእግሩ ጋር በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን የመዳብ ቀለበት ያወጣዋል፤ ያ ደግሞ ከቺፑ የባሰ ጉዳት ነው። ቀዳዳዎቹን የቀለጠውን ቆርቆሮ በሚስብ መምጠጫ ካጸዳሁ በኋላ በቦታው የምበይደው አዲሱን ቺፕ ሳይሆን የቺፕ መቀመጫ ነው፤ ሌላ ጊዜ ያው ቺፕ ቢሞት የሚቀጥለው ጠጋኝ በጣቱ ነቅሎ እንዲተካው።

ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ያለው ሥራ ጽዳት ነው፤ በጽዳት ላይም ሰብሳቢዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። የእነዚህ ማሽኖች ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ እሳት እንዳይይዘው ፕላስቲኩ ውስጥ የተጨመረው ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ለውጥ ነው የሚል ነው። መፍትሔውም በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነክሮ ፀሐይ ላይ ወይም አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ማቆየት ነው። ጸጉር ቤት የሚገኘውን ክሬም ቀብተው በፕላስቲክ የሚጠቀልሉም አሉ፤ ክሬሙ እኩል ካልተዳረሰ ግን የነብር ጀርባ የመሰለ ዝንጉርጉር ይተዋል፤ ያ ደግሞ አይለቅም። እኔ ይህን ሥራ ብዙም አላደርገውም። አንደኛ ነገር ቢጫው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው ሳይቀር፣ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በላይ ግን አርባ ዓመት የኖረ ዕቃ አርባ ዓመት የኖረ ይምሰል የሚል አቋም አለኝ። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ እተወዋለሁ። አንድ ልጅ በስክሪብቶ ክዳኑ ሥር የጻፈውን ስም ፍቆ ማውጣት ማደስ አይመስለኝም።

ኪቦርዱ ላይ ግን ጊዜዬን አልቆጥብም። ስልሳ ስድስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ነቅዬ ሳሙና ውስጥ እዘፈዝፋቸዋለሁ፤ ከሥራቸው ያሉትን ስፕሪንጎች በሳህን አኖራለሁ። ከዚያ ኪቦርዱን ገልብጬ፣ ተቆልፎ ለሚቀረው የሺፍት ቁልፍ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ከመበየጃቸው ለይቼ፣ ጀርባው ላይ ያሉትን በጣም ትናንሽ ብሎኖች እፈታለሁ። ቦርዱ ሲነሣ ከየቁልፉ ሥር ያለች ጥቁር የላስቲክ ጫፍ ትታያለች፤ ይህች ጫፍ ከቦርዱ ጥቁር ነጥብ ጋር ስትገናኝ ነው ፊደል የሚጻፈው። አንድ ቁልፍ በኃይል ካልተመታ አልጽፍ የሚለው እዚህ ላይ ቆሻሻ ስለተጋገረ ነው። በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል፤ በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ግን ካርቦኑን ጠርጎ ስለሚወስደው ኪቦርዱን ለዘለዓለም ያበላሸዋል።

ኮሞዶር 64 በአንድ ነገር ዕድለኛ ነው፤ ውስጡ ባትሪ የለውም፣ ካፓሲተሮቹም (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማቹት ትናንሽ አካላት) በአብዛኛው እስካሁን ጤነኞች ናቸው። ስለዚህ «ካፓሲተሩን በሙሉ ቀይር» የሚለውን የተለመደ ምክር ለዚህ ማሽን አልቀበለውም፤ የሚሠራ ነገር መንቀል አዲስ ብልሽት መጋበዝ ነው። በ1992 የወጡት የኮሞዶር ኮምፒውተሮች፣ አሚጋ 600 እና አሚጋ 1200፣ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቦርዱ ላይ የተለጠፉት ትናንሽ ካፓሲተሮቻቸው ፈሳሽ ያፈስሳሉ፤ መበየጃው ሲነካቸው የሚወጣው የዓሣ ሽታ ቤቱን ያውደዋል፤ ባለቤቴ ከኩሽና ሆና «ዛሬ ደግሞ የትኛው ነው?» የምትለኝ ያኔ ነው። አሚጋ 500 ፕላስን የያዘ ሰው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰውን ባትሪ ዛሬውኑ ቆርጦ ያውጣ። ከባትሪው የሚወጣው ፈሳሽ መዳቡን ስለሚበላ፣ በነጭ ኮምጣጤ አክሽፎ በንጹሕ ውኃና በአልኮል ማጠብ ያስፈልጋል። ሳልጨርስ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የድሮውን ባለ መስተዋት ሞኒተር መክፈት የዚህ ትርፍ ጊዜ ሥራ አካል አይደለም። በውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሠራል፤ ከተነቀለ በኋላም ያከማቸውን ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ከታደሰ በኋላ ምን ትሠራበታለህ ብለው ነው። ሌሎቹ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ እኔን ግን የያዘኝ ፊደላችንን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ኮሞዶር 64 ስክሪኑን በ40 ዓምድና በ25 መስመር ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ፊደል የሚሳለው ስምንት በስምንት በሆነ ነጥብ ውስጥ ሲሆን ስምንት ባይት ይወስዳል። የሥዕሉ ቺፕ በአንድ ጊዜ 256 ፊደሎችን ይቀበላል፤ በድምሩ 2,048 ባይት ማለት ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ 25 ቦታ ይተርፋል። አሥር አኃዞች፣ አንድ ባዶ ቦታ፣ አሥር ሥርዓተ ነጥቦች፣ በመጨረሻም ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና ኋ ሲገቡ 256ቱ ልክ ይሞላል። ሟ እና ሏ ውጭ ቀርተዋል፤ ቨም እንዲሁ። ድምፃቸው የተመሳሰለውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ብጥል 35 ቦታ አገኝ ነበር፤ ግን አልጣልኳቸውም። «ሠላም» የሚለውን በ«ሰ» ይሁን በ«ሠ» መጻፍ የጸሐፊው ፋንታ እንጂ የሜሞሪው ፋንታ ሊሆን አይገባም።

የአሣሣሉ ችግር እንደታሰበው ከአምስተኛው ቅርጽ ቀለበት ብቻ የሚመጣ አልነበረም፤ እርሱ በሦስት በሦስት ነጥብ፣ መሀሉ አንድ ክፍት ሆኖ ይሳላል። የከበደው የእግሮቹ ውፍረት ነው። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ላይ የአንድ ነጥብ ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ መስመር ቀለሙ ስለሚበላሽ፣ የማሽኑ የራሱ የላቲን ፊደሎች ቋሚ መስመሮቻቸው ሁለት ሁለት ነጥብ ናቸው። ሁለት እግር ላለው ለሰ ይህ ይመቻል። ሦስት እግር ላላቸው ለጠ እና ለሐ ግን ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት፣ በመሀላቸው ሁለት ክፍተት ሲጨመር ስምንት ይሆናል፤ ከጎኑ ካለው ፊደል የሚለየው አንዲት ነጥብ እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ መሀለኛውን እግር በአንድ ነጥብ አቀጠንኩት። በቴሌቪዥን ላይ ያቺ እግር ጥቂት ትደበዝዛለች፤ ዓይን ግን ቶሎ ይለምደዋል።

ሌላው ጉዳይ የፊደሎቹ የቁጥር ቦታ ነው። ሀን 0 ላይ አድርገን በተራ ብንደረድር 32 ቁጥር ላይ የሚያርፈው ሤ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ስክሪኑን ሲያጠራ የሚሞላው 32ኛውን ምልክት ነው። «አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ ስንጫን ስክሪኑ በ1,000 ሤ ይሞላል ማለት ነው። ስለዚህ ባዶው ቦታ 32 ላይ ይቀራል፣ የተቀሩት አንድ አንድ ይገፋሉ። ጠቋሚው ደግሞ የሚርገበገበው ያለበትን ምልክት ከራሱ 128 ከሚርቀው ጋር በማለዋወጥ ነው፤ በላቲኑ ዝግጅት ያ የዚያው ፊደል ግልባጭ ቀለም ሲሆን፣ በእኛው ግን ጠቋሚው ሀ ላይ ሲቆም ሀ፣ ዉ፣ ሀ፣ ዉ እያለ ይቀያየራል። መፍትሔው የማሽኑን ጠቋሚ አጥፍቶ፣ የሥዕሉ ቺፕ ከሚሰጣቸው ስምንት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች አንዱን እንደ ሰረዝ ከፊደሉ ሥር ማስኬድ ሆነ። ጽሕፈቱም ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ፊደሉ ይመታል፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር ቅርጹ ይመረጣል።

ይህ የፊደል ፋይል ዲስኬት ላይ 9 ብሎክ (የዲስኬቱ ቦታ የሚለካበት ክፍል) ይይዛል፤ አንድ ባዶ ዲስኬት 664 ብሎክ አለው። በ1541 ዲስክ ድራይቭ ሲጫን አምስት ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ ድራይቩ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ሙሉ ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ በሴኮንድ ከ400 ባይት ብዙም የማያልፍ ዘገምተኛ መሆኑን ስናስብ መጥፎ አይደለም። የቀረኝ ማተሚያው ነው። ኤምፒኤስ 801 በአንድ ዙር ወደ ታች የሚመታው ሰባት ነጥብ ብቻ በመሆኑ ስምንት ነጥብ ቁመት ያላቸው ፊደሎቼ አይገቡበትም። በሁለት ዙር ማተም ይቻላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ በትክክል ስለማይሳብ በመሀል ነጭ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ለማተሚያው ብቻ ሰባት ነጥብ ቁመት ያለው ሌላ ፊደል መሳል ጀምሬአለሁ፤ እስከ በ ደርሻለሁ።